ቪ-280 ሞተሩን አስተኝቶ ሮተሩን ብቻ ማዘንበሉ የኦስፕሬይን ችግር ይፈታል ወይስ ቦታ ያስቀይረዋል?

ነፋሻው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ምድር ጦር ብላክ ሆክን በሂደት ለመተካት ስለመረጠው የቤል ቪ-280፣ አሁን ኤምቪ-75 ስለሚባለው ቲልትሮተር (ሮተሩን አቁሞ እንደ ሄሊኮፕተር የሚነሳ፣ አስተኝቶ እንደ አውሮፕላን የሚበር)፣ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ያነበብኩት ሁሉ «ከቪ-22 ኦስፕሬይ ዋናው ልዩነቱ ሞተሩ አለማዘንበሉ ነው» ይልና ያልፋል። እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚያስከፍል የሚያብራራ አላገኘሁም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ብላክ ሆክ ላይ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ቢገጠም ለምን አይፈጥንም? ሞተሩ ተጋድሞ ሲቀር የሚገኘው ጥቅም በትክክል ምንድን ነው? ኦስፕሬይን የጣሉት የክላችና የጊርቦክስ ችግሮችስ ወደ አዲሱ ይሻገራሉ? ሲኮርስኪና ቦይንግ በዚሁ ጨረታ ያቀረቡት ዲፋያንት ለምን ተሸነፈ? የማስታወቂያ መልስ አልፈልግም፤ ቁጥር ያለው ቁጥሩን ያምጣ።

እርሳስና_ወረቀት፦
የመጀመሪያው በማባዛትና በመደመር የሚያልቅ ስለሆነ እኔ ልውሰደው።

የብላክ ሆክ የሮተር ጫፍ በሴኮንድ 221 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሄሊኮፕተሩ በ150 ኖት፣ ማለትም በሴኮንድ 77 ሜትር ሲበር፣ ወደፊት የሚመጣው ብሌድ ጫፍ 298 ሜትር በሴኮንድ ነፋስ ያገኛል፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው የሚያገኘው 144 ብቻ ነው። አሁን በሐሳብ 280 ኖት አድርሰው፤ በሴኮንድ 144 ሜትር። ወደፊት የሚመጣው ጫፍ 365 ይሆናል፤ ድምፅ በባሕር ወለል ላይ 340 አካባቢ ስለሚጓዝ ጫፉ ከድምፅ አለፈ። ወደ ኋላ የሚመለሰው ጫፍ ደግሞ 77 ብቻ ይቀረዋል። ከሮተሩ መሃል ጀምሮ እስከ ብሌዱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ድረስ ነፋሱ የሚገባው በኋላው ጠርዝ በኩል ነው፤ ያ ክፍል ምንም አያነሳም።

ሮተሩን ቀስ ብታደርገው የድምፁ ችግር ይቃለላል፣ የሌላው ወገን ይብሳል። ብታፈጥነው ግልባጩ። የሞተር ጉልበት በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታም የለው። የተለመደ ቅርፅ ያለው ሄሊኮፕተር የፍጥነት ክብረ ወሰን እስካሁን የዌስትላንድ ሊንክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በልዩ የብሌድ ጫፍ 400.87 ኪሎ ሜትር በሰዓት። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

መውጫው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ እንደ ዲፋያንት ሁለት ግትር ሮተሮችን ደራርበህ በተቃራኒ ታዞራለህ፤ በእያንዳንዱ ወገን ሁልጊዜ ወደፊት የሚመጣ ብሌድ ስላለ የሚመለሰውን ከሥራ ታሳርፈዋለህ። ወይ ሮተሩን እንዳለ ወደፊት አስተኝተህ ፕሮፔለር ታደርገዋለህ፤ ያኔ የመምጣትና የመመለስ ነገር ይቀራል፣ ክብደቱን ክንፍ ይሸከማል። የኤርባስ ሬሰር ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ሮተሩን እንዳለ ትቶ ክንፍና ሁለት ፕሮፔለር ይጨምራል። ግን የጠየቅከው ስለ እሱ አይደለም።

ጥርስ_ለጥርስ፦
ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ አብረው ነው የሚመለሱት። ትንሽ ይረዝማል።

ኦስፕሬይ ላይ በክንፉ ጫፍ ያለው ናሴል፣ ማለትም ሞተሩን የያዘው ቤት፣ እንዳለ ነው የሚያዘነብለው። ሞተሩ፣ ጊርቦክሱ፣ የዘይት ሥርዓቱ፣ የጭስ መውጫው አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ሲቆም ትኩሱ ጭስ መሬቱን ይመታል፤ ደረቅ ሣር ያቃጥላል፣ የመርከብ ወለል ያግላል። ሞተሩም ቆሞም ተኝቶም ዘይቱ ከኩሽኔታዎቹ እንዲደርስና እንዲመለስ ተደርጎ መሠራት ነበረበት። ቪ-280 ላይ ሞተሩ ተጋድሞ ይቀራል፣ ጭሱ ወደ ኋላ ይወጣል። ጉልበቱ መጀመሪያ ወደማይንቀሳቀስ ጊርቦክስ ይገባል፤ ከዚያ ጠመዝማዛ ጥርስ ባለው ኮናዊ ጊር በኩል ወደሚያዘነብለው ክፍል ይሻገራል። ማዘንበሉ የሚካሄደው በዚያው ጊር ዘንግ ዙሪያ ስለሆነ ጥርሶቹ እንደተያያዙ ሮተሩ ከቆመበት ወደ ተኛበት ይመጣል። በጎን በር የሚወርድ ወታደር ከአጠገቡ ትኩስ ጭስ የሚተፋ ሞተር የለም፤ በር ላይ ያለው ተኳሽም የሚያይበት ማዕዘን ይሰፋል። እስከዚህ ድረስ ንጹህ ትርፍ ነው።

ሒሳቡ ግን አልተለወጠም። ኦስፕሬይን እንውሰድ፤ አንዱ ሞተር 6,150 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም ወደ 4,590 ኪሎ ዋት ይሰጣል። የሞተሩ ዘንግ በደቂቃ 15 ሺህ ዙር አካባቢ ሲዞር ሮተሩ በሆቨር፣ ማለትም ቆሞ ሲንሳፈፍ፣ 397 ብቻ ይዞራል። ጉልበቱ ያው ሆኖ ዙሩ 38 ጊዜ ገደማ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ኃይሉ በዚያው ልክ ያድጋል፤ ከ2.9 ኪሎ ኒውተን ሜትር ወደ 110። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ጊዜ በተገናኙ ጥቂት ጥርሶች ላይ ነው። ሞተሩን አስተኛኸው አቆምከው፣ ይህንን አትቀይረውም። ቪ-280 ላይ እንዲያውም ሙሉው ጉልበት የሚያልፍበት ኮናዊ ጊር ተጨምሯል። እንዲህ ያለ ጊር ደግሞ አሰላለፍ አይምሬ ነው። ሲገጠም በቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ይስተካከላል፤ ጥርሱ ቀለም ተቀብቶ በቀስታ ይዞርና የተነካካበት ቦታ በዓይን ይታያል። ያለ ጭነት ሲዞር ንክኪው ከጥርሱ መሃል ትንሽ ወደ ጠባቡ ጫፍ ማድላት አለበት፤ ጭነት ሲመጣ ቤቱ ይለጠጣል፣ ንክኪውም ወደ ሰፊው ወገን ይንሸራተታል። መጀመሪያውኑ መሃል ላይ ካደረግከው በሙሉ ጭነት ጠርዝ ላይ ይወጣና ጥርሱን ከጥግ ይሸርፈዋል።

ወደ ክላቹ እንምጣ። በሞተሩና በጊርቦክሱ መካከል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች አለ፤ ሞተር ሲጠፋ ሮተሩ የሞተውን ሞተር እንዳይጎትት ይለቀዋል። አደጋው የሚመጣው ሞተሩ በጉልበት እየሠራ ክላቹ ለቅጽበት ሲያንሸራትት ነው። ጭነቱ በክንፉ ውስጥ በሚያልፈው አገናኝ ሻፍት በኩል ወደ ሌላው ሞተር ይሻገራል፤ ያንሸራተተው ክላች መልሶ በድንገት ሲይዝ እንደ መዶሻ ምት ያለ ግፊት በመላው ሥርዓት ይሮጣል። ጁን 8 ቀን 2022 ካሊፎርኒያ ግላሚስ አጠገብ አምስት ማሪኖች የሞቱት ይህ በሁለቱም ወገን ስለደረሰ ነው። በ2023 መጀመሪያ ክላቹን የያዘው የመግቢያ ክፍል 800 የበረራ ሰዓት ሲሞላው እንዲቀየር ታዘዘ። ይህ ያረጀውን ክላች በጊዜ ማውጣት እንጂ የንድፍ ፈውስ አይደለም፤ ልዩነቱን ልብ በል።

ጊርቦክሱ ይብሳል። ኖቬምበር 29 ቀን 2023 በጃፓን ያኩሺማ ደሴት አጠገብ ስምንት ሰዎች በሞቱበት ሲቪ-22 (የኦስፕሬይ አንዱ ዓይነት) ላይ፣ በግራው የሮተር ጊርቦክስ ውስጥ አንዲት በፍጥነት የምትዞር ትንሽ ጊር ተሰንጥቃ ተሰበረች። በዘይቱ መንገድ ላይ ማግኔት ያለው ጠቋሚ አለ፤ የብረት ብናኝ ሲሰበሰብበት ሁለት ጫፎቹ ይገናኙና መብራት ይበራል። ከዚያ ራሱ ኤሌክትሪክ ለቆ ብናኙን ለማቃጠል ይሞክራል። ተቃጥሎ ከጠፋ ደቃቅ ብናኝ ነበር፤ አልቃጠልም ካለ ቁራጭ ብረት ነው። በዚያ በረራ አምስት ጊዜ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ስድስተኛው አልጠፋም። ስንጥቁ የጀመረበት ትክክለኛ ምክንያት በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ የተጠረጠረው ግን ብረቱ ነው። ኤክስ-53 የሚባለው ብረት ሲቀልጥ በውስጡ ባዕድ ቅንጣት ሊቀር ይችላል፣ የብረት ድካም ስንጥቅ የሚጀምረውም ከእንዲህ ያለው ቅንጣት ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ጊሮች ሁለት ጊዜ በቀለጠው ፋንታ ሦስት ጊዜ ከሚቀልጥ ብረት እንዲሠሩ ተወሰነ።

ብዙ ሰው «አገናኙ ሻፍት የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻፍቱ የሚጠብቅህ ከሞተር መጥፋት ነው። የተሰበረው ግን ከሻፍቱ መገናኛ በኋላ፣ ከሮተሩ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ጉልበት ከግራ ሞተርም መጣ ከቀኝ፣ ወደ ሮተሩ የሚሻገርበት ድልድይ ፈርሷል። በቲልትሮተር ላይ ደግሞ አንዱ ሮተር ብቻ ሲቀር አውሮፕላኑ በሴኮንዶች ውስጥ ይገለበጣል። ቪ-280 በዚህ ነጥብ ላይ ከኦስፕሬይ አይለይም። ሞተር ማስተኛት የጭሱን፣ የበሩንና የሞተር ዘይቱን ችግር ይፈታል፤ የመጨረሻውን ጊርቦክስ ችግር አይነካውም። የኤምቪ-75 ደህንነት የሚወሰነው በብረቱ ንጽህናና ስንጥቅን ብናኝ ከመውጣቱ በፊት በንዝረት መስማት በመቻሉ ላይ ነው።

ነፋሻው፦
በጣም አመሰግናለሁ፤ የሻፍቱን ነገር እኔም ተሳስቼ ነበር የያዝኩት። ክንፉስ? የኦስፕሬይ ክንፍ ትንሽ ወደፊት ያጋደለ ነው፤ የቪ-280 ቀጥ ያለ ነው። ለውበት አይመስለኝም።

ክንፍ_ጠምዛዥ፦
ለውበትማ አይደለም።

ከባድ ሮተር በክንፍ ጫፍ ሰቅለህ በፍጥነት ስትበር፣ ሮተሩ ትንሽ ሲያዘነብል የጎን ኃይል ይፈጥራል፤ ኃይሉ ክንፉን ይጠመዝዛል፤ የተጠመዘዘው ክንፍ ሮተሩን የባሰ ያዘነብለዋል። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ይህ ዑደት ከነፋሱ የሚወስደው ጉልበት ከሚያባክነው ይበልጣል፤ መወዛወዙ እያደገ ክንፉን ይነቅላል። በተራ የፕሮፔለር አውሮፕላንም ደርሷል፤ በ1959 እና በ1960 ሁለት ሎክሂድ ኤሌክትራዎች ክንፋቸው ተገንጥሎ ወድቀዋል፣ መነሻው በቂ ግትርነት ያጣ የሞተር መያዣ ነበር። የቤል የመጀመሪያው ቲልትሮተር ኤክስቪ-3ም በዚሁ ጉዳይ ነበር የተቸገረው።

መድኃኒቱ ክንፉን ለመጠምዘዝ ግትር ማድረግ ነው፤ ግትርነት ደግሞ በቀላሉ የሚገኘው ከውፍረት ነው። የኦስፕሬይ ክንፍ ውፍረቱ የስፋቱን 23 በመቶ ይሆናል። ለዚህ ፍጥነት ክንፍ ያ ወፍራም ነው፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በነዳጅ ትከፍልበታለህ። ወደፊት ያጋደለው ደግሞ ሮተሩ ተኝቶ ሲዞር ብሌዶቹ በነፋስ ወደ ኋላ ሲተጣጠፉ ክንፉን እንዳይመቱ ቦታ ለመስጠት ነው። ያ ርቀት ቀልድ አይደለም። ኦክቶበር 30 ቀን 2015 ጣሊያን ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሙከራ ላይ የነበረ ኤደብሊው609 የሚባል ቲልትሮተር ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ብሌዶቹ ክንፉን መትተው አየር ላይ ተበታትኗል፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል።

ነገር ግን ክንፍ ሲያጋድል በውስጡ ያለው ሻፍት መሃል ላይ መታጠፍ አለበት፤ ስለዚህ ኦስፕሬይ በክንፉ መሃል ሌላ ጊርቦክስ ይዞ ይዞራል። ቀጥ ያለ ክንፍ ሻፍቱን ቀጥ ያደርገዋል። ክንፉንም በአንድ ወጥ ቁራጭ መሥራት ስለሚቻል ርካሽ ነው። የቪ-280 ክንፍ ቀጥ ማለት ከሞተሩ መተኛት ባልተናነሰ የሚያስመሰግን ይመስለኛል፤ ስለ እሱ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሮተር እና ፕሮፔለር አንድ ዕቃ ሲሆን ሁለቱንም በከፊል ነው የሚሆነው። ለሆቨር ብሌዱ ብዙ ባይጠመዘዝ ይሻላል፤ ለፍጥነት ብዙ መጠምዘዝ አለበት። ኦስፕሬይ 47 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተስማምቷል፤ ሲተኛም ዙሩን ከ397 ወደ 333 ያወርዳል።

ቁልቁል_ነፋስ፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም በፍጥነት ነው የምታወሩት፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ቆሞ መንሳፈፍ ነው።

ኦስፕሬይ በቀጥታ ሲነሳ እስከ 23,860 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሁለቱ ሮተሮቹ የሚጠርጉት ስፋት 211 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ብላክ ሆክ ወደ 9,980 ኪሎ ግራም ቢጫን የሚጠርገው 210 ነው። በአንድ ዓይነት ስፋት ላይ ከእጥፍ በላይ ክብደት! ከዚህ ተነስተህ ብታሰላ፣ በባሕር ወለል አየር ከሮተሩ በታች ሙሉ በሙሉ የተፈጠረው የቁልቁል ነፋስ ለብላክ ሆክ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ፣ ለኦስፕሬይ 150 አካባቢ ይወጣል። ምንም ብክነት በሌለው ፍጹም ሮተር እንኳ አንድ ቶን ለማንሳፈፍ ብላክ ሆክ ቢያንስ 135 ኪሎ ዋት፣ ኦስፕሬይ 209 ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ነፋሱ ክንፉን ራሱን ቁልቁል ይጫነዋል፤ የጠርዝ ክንፎቹ ከ70 ዲግሪ በላይ ታጥፈውም ከግፊቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ይባክናል። በገመድ ሰው የምታወጣ ከሆነ፣ አቧራማ ቦታ የምታርፍ ከሆነ፣ እነዚህ ቁጥሮች ከ280 ኖት ይበልጡብሃል። በ2015 ሃዋይ ላይ በአቧራ መካከል ለማረፍ ሲሞክር ሞተሩ አቧራ ውጦ ጉልበት ያጣው ኦስፕሬይ ሁለት ማሪኖችን ገድሏል።

አወራረዱም እንደዚሁ። በኤፕሪል 2000 አሪዞና ማራና ላይ 19 ማሪኖች የሞቱት፣ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት አነስተኛ ሆኖ በደቂቃ ከ2,000 ጫማ በላይ ሲወርድ ነው፤ ከ40 ኖት በታች የተፈቀደው 800 ጫማ ነበር። ሮተሩ በራሱ አዙሪት ውስጥ ሲገባ ማንሳት ያቆማል። ተራ ሄሊኮፕተር እንዲህ ሲሆን ቁልቁል ይሰምጣል፤ ቲልትሮተር ግን አንደኛው ሮተር ቀድሞ ስለሚገባ ወደዚያ ይገለበጣል። አብራሪው ለማቃናት መሪውን ሲገፋ ማንሳት ያቃተው ሮተር ላይ የብሌዱ ማዕዘን ይጨምራል፣ እሱም ያባብሰዋል። ትክክለኛው መውጫ ናሴሉን ወዲያው ጥቂት ዲግሪ ወደፊት ማዘንበል ነው፤ ሮተሮቹ ወደ ንጹህ አየር ይወጣሉ። በዚህ ረገድ ቲልትሮተር ከሄሊኮፕተር የተሻለ ማምለጫ አለው፣ ይህን አልክድም፤ መሬቱ ቅርብ ካልሆነ።

እርሳስና_ወረቀት፦
@ቁልቁል_ነፋስ ቁጥሮችህ ትክክል ናቸው፤ ቪ-280 ግን ከኦስፕሬይ በጣም ቀላል ሆኖ የሮተሩ ስፋት በትንሹ ብቻ ነው ያነሰው፤ ዲያሜትሩ 10.7 ሜትር ከ11.6። ስለዚህ ነፋሱ በሁለቱ መካከል ይውላል። እንደ ብላክ ሆክ ግን አይለሰልስም።

ዲፋያንት ሳይመለስ ስለቀረ ባጭሩ ልመልስ። ቪ-280 ዲሴምበር 18 ቀን 2017 በረረ፤ ዲፋያንት ማርች 21 ቀን 2019፣ አሥራ አምስት ወር ዘግይቶ። ያዘገየው የብሌድ አሠራርና የጊርቦክስ ችግር ነው፤ በአንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ሮተር በተቃራኒ እያዞረ ከኋላ ፕሮፔለር የሚነዳ ጊርቦክስ ቀላል ነገር አይደለም። ግትር ብሌዶቹ ጫፍ ለጫፍ እንዳይነካኩ በርቀት መቀመጥ አለባቸው፤ በመካከላቸው የሚቀረው ምሰሶና ማዕከል ደግሞ በፍጥነት ላይ ትልቅ የአየር ጎተታ ነው። ዲፋያንት 247 ኖት ደርሷል፤ ቪ-280 ከ300 አልፏል።

የተሸነፈው ግን በፍጥነት ብቻ አይመስለኝም። ሲኮርስኪ ቅሬታ ሲያቀርብ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በኤፕሪል 2023 ውድቅ አድርጎታል። ከውሳኔው እንደሚነበበው የሲኮርስኪ ዋጋ ወደ 4.4 ቢሊዮን ዶላር፣ የቤል ወደ 8.1 ቢሊዮን ነበር። በእጥፍ ገደማ የረከሰው ጨረታ የወደቀው በሥርዓቶቹ ንድፍ ክፍል ነው፤ የትኛው ተግባር በየትኛው ንዑስ ክፍል እንደሚከናወን ጦሩ በሚፈልገው ዝርዝር ስላላሳየ «ተቀባይነት የለውም» ተባለ። አንዱን ኮምፒውተር ወይም ሬዲዮ በሌላ አምራች ዕቃ መተካት እንዲቻል ጦሩ ይህን ዝርዝር እንደ ዋና ነገር ነበር ያየው።

ነፋሻው፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለ@ጥርስ_ለጥርስ። የኤምቪ-75 የሙከራ ዜና ሲወጣ የትኛውን ቁጥር ልፈልግ? ፍጥነቱን ተውኩት።

ጥርስ_ለጥርስ፦
ጊርቦክሱ ያለ ዘይት ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ፈልግ። የተለመደው መለኪያ 30 ደቂቃ ነው፤ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ጊርቦክሱ በመሞከሪያ ላይ ጭነት ተሸክሞ መዞሩን ይቀጥላል። ለምን እንደሚያስፈልግ በማርች 2009 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ባሕር ላይ የወደቀው ኤስ-92 ያሳያል። የዘይት ማጣሪያውን የያዙ የታይታኒየም ቡሎኖች ተሰብረው ዘይቱ ፈሰሰ፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ በአሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ባሕሩን መታ፤ ከ18 ሰዎች 17ቱ ሞቱ። ያ ሄሊኮፕተር 30 ደቂቃውን ሳያሟላ የጸደቀው ዘይት ሙሉ በሙሉ መፍሰሱ እጅግ የማይመስል ነገር ነው ተብሎ ነበር።

ስለዚህ ዜናው «30 ደቂቃ አለፈ» ካለ በምን ጭነት እንደሆነ አንብብ። በሆቨር ጭነትና ሮተሩ ተኝቶ በሚበርበት ጭነት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ሁለተኛ፣ ለኮናዊው ጊር ለብቻው የዘይት መርጫ አለው ወይ የሚለውን ተመልከት፤ ሮተሩ ሲቆምና ሲተኛ ዘይቱ የሚሰበሰብበት ጥግ ስለሚለያይ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ጊሮቹ ስንት ጊዜ ከቀለጠ ብረት እንደተሠሩ። ይህን የሚጽፍ ጋዜጠኛ ብዙ አታገኝም፤ በአቅርቦት ውል ማስታወቂያዎች ውስጥ ግን አንዳንዴ ብቅ ይላል።